የዛፉ ስም ያልተጻፈበት የአቶ ማስተዋል ወልደ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

የለም፣ የገዛ መድኃኒታቸው አልገደላቸውም። ትናንት ከሰሃላ የመጡ ለቀስተኞች ድንኳኑ በር ላይ ቆመው «ሰውየው ያንኑ ዱቄታቸውን ቀምሰው ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቁ የቤቱ ሰው ደነገጠ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደጅይጥኑ ይርዳው ግን ከተቀመጡበት ሆነው «እሳቸው እንኳን ያንን ዱቄት የእኔን ሹሮም ሳይመረምሩ አይቀምሱም» ብለው ነገሩን አረሙት። የገደላቸው የኩላሊት ሕመም ነው። ወሬው ግን ከዚህ ብሶ ሳይዞር፣ ታሪካቸውን ከጥንቱ ጀምሮ በጎረቤት ብዕር እንዲህ ጽፈነዋል።

አቶ ማስተዋል ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ደግሰው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገኘሁሽ ምንዋጋው በጋዝጊብላ ወረዳ በየካቲት ወር 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ሲሆን አማርኛውን ከአባታቸው ተማሪዎች ጋር ዳዊት ሲደግሙ ለመዱት። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአማርኛ ሪፖርት ጽፈው በኽምጣኛ ተናደዋል።

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሥርና ቅጠል አዋቂ ነበሩ። ደቀ መዝሙር ሲያስተምሩም እንደ ወጉ አንዲቷን ቅጠል ያስቀሩ ነበር፤ ጠባዩ ላልታወቀ ሰው ሙሉውን የሚሰጥ አዋቂ የለም። ልጅየው ይህን አልወደዱትም። «ያወቁትን መደበቅ ስስት ነው» ብለው ቢከራከሯቸው፣ አባትየው «ስትሸብት እንነጋገርበታለን» ብለው ዘጉት። ልጅየው ሳይሸብቱ አባትየው ዐረፉ።

አቶ ማስተዋል ዘመናዊ ትምህርታቸውን በሰቆጣ ከተከታተሉ በኋላ በ1974 ዓ.ም. በግብርና በዲፕሎማ ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት በልማት ሠራተኛነት ሰሃላ ተመደቡ። መኪና በማይደርስበት አገር ከቀበሌ ቀበሌ በእግራቸው ሲዞሩ ኖሩ። ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ፤ ጃንጥላ ይዘው አይመለሱም። ከሰቆጣ ሰሃላ ባለው መንገድ የእሳቸው ጃንጥላ የሌለበት ቤት የለም ይባላል፤ ማጋነኑም ትንሽ ነው። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደጅይጥኑ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጆቻቸውን ኤደንንና ምስክርን አፍርተዋል። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ብዙ አስበው ኖሮ፣ ባለቤታቸው «እንደ ምርጥ ዘር ሁለት ክረምት ሞክረው ነው የወሰዱኝ» ይላሉ።

በ1992 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ ተመልሰው ወደ ምርምር ሥራ ተዛወሩ። የያዙት ጉዳይ ለዘር የተቀመጠ ማሽላ በጎተራ ውስጥ በነቀዝ እንዳያልቅ ማድረግ ነበር። ከአሥር ዓመት ድካም በኋላ በአገራችን ከሚበቅል የአንድ ዛፍ ፍሬ የተፈጨ ዱቄት ነቀዙን እንደሚያጠፋ አረጋገጡ። የዛፉ ስም እዚህ ላይ መግባት ነበረበት፤ ልጃቸው ምስክርም «የአባባ ሥራ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ይጻፍ» ብሎ ለምኗል። ያልጻፍነው ሟቹ ራሳቸው ስለ ከለከሉ ነው። የከለከሉበትም ምክንያት ይህ ነው።

በኅዳር ወር 2003 ዓ.ም. ሰሃላ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄሱ ለአቶ ማስተዋል የመናገሪያ ጊዜ ሰጧቸው። እሳቸውም ዱቄቱን ይዘው ቆሙና አፈጫጨቱን፣ ከዘሩ ጋር አደባለቁን፣ ሁሉንም አስረዱ። እዚህ ላይ ቢቀመጡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸውና፣ «ወንዝ ዳር እንዳታጥቡት፤ ዓሣ ይፈጃል» ብለው አስጠነቀቁ። ሰው ሲስቅባቸው ያላመናቸው መሰላቸው። ሊያሳምኑ ብለው ምን ያህሉ እንደሚበቃ፣ በየትኛው ዓይነት ኩሬ እንደሚብስ፣ በስንት ሰዓት ዓሣው እንደሚንሳፈፍ ተናገሩ። ለማስፈራራት የተናገሩት አንድ ሳይቀር ለሚፈልገው ሰው ትምህርት ሆነ። ከዚያ ጉባኤ ስለ ነቀዙ የሰማውን ያስታወሰ ጥቂት ነው። ስለ ዓሣው የሰማውን የረሳ አልተገኘም።

ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ የወንዙ ኩሬ በነጭ የዓሣ ሆድ ተሸፈነ። ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከታች በኩል ትኖር የነበረች ጸሐይነሽ ትእዛዙ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ውኃውን ፍየሎቿን አጠጥታ ራሷም ጠጣች። ፍየሎቹ አለቁ። እሷ ከብዙ ሥቃይ በኋላ ተረፈች። አቶ ማስተዋል ከሰቆጣ ገስግሰው ደርሰው በአልጋዋ አጠገብ ቆመው «እኔ እኮ እንዳያደርጉት ነው የነገርኋቸው» አሉ። እሷም «አንቱ ባይነግሯቸው እንዳያደርጉት የሚከለከሉት ምኑን ነበር?» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ማስተዋል ሌላ ሰው ሆኑ። እኛ ጎረቤቶቻቸው በመጀመሪያ ቀልደንባቸዋል፤ ይህን መናዘዝ ይገባናል። ይዘንብ ይሆን ብለን ብንጠይቃቸው፣ መልሱን ሰምተን ምን እንደምናደርግበት መልሰው ይጠይቁን ነበር። በዕድር ስብሰባ አንዲት ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ተነሥተው ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ። ቀልዱ ቀልድ እንዳልሆነ የገባን ዓሣ መብላት መተዋቸውን ስናውቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የባሰ ነገር ገጠማቸው። ዓለምነህ ከተባለ ወጣት ተመራማሪ ጋር የዱቄቱን ጉዳት ለመቀነስ ሲሞክሩ፣ ከአንድ ሌላ ነገር ጋር ሲቀላቀል ጉልበቱ ብዙ እጥፍ እንደሚያድግ አገኙ። ጥቂቱ ብዙ ውኃ ያበላሻል። ዓለምነህ ሁሉም በጽሑፍ ታትሞ ይውጣ አለ፤ የሥራ እድገቱም በዚያ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «ጋሼ፣ ሳይንስ ክፍት ነው» ቢላቸው «ወንዙም ክፍት ነው» አሉት። እሱም አልተሸነፈም፤ «ታዲያ እንደ ድሮ መድኃኒተኛ ልንደብቀው ነው? አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢደርስበት ከታች ያለው ሕዝብ በምን ያውቃል?» አለ። አቶ ማስተዋል ብዙ ቀን አኩርፈው ሰነበቱና፣ ልክ ነህ ለማለት ቢሮው ድረስ ሄዱ።

እንግዲህ ሁለቱ የተስማሙበት ይህ ነው። ጽሑፉ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በወንዙ ዳር ላሉ የጤና ሠራተኞች፣ ለከብት ሐኪሞችና ለካህናት በአካል ሄደው ምልክቱን አስተማሩ፤ ዓሣ ተንሳፍፎ የታየ እንደሆነ ከብት እንዲርቅ፣ ውኃ እንዳይቀዳ፣ ከታች ላሉት ፈጥኖ እንዲነገር። ድብልቁን ግን ከጽሑፉ ሰረዙት። በመሥሪያ ቤቱ ተቆልፎ እንዲቀመጥና የሚፈልገው ሰው ስሙንና ምክንያቱን ተናግሮ እንዲጠይቅ አደረጉ።

ይህም አልበቃቸውም። ረቂቁን ይዘው ሰሃላ ወረዱና ለጸሐይነሽ አነበቡላት። ሲጨርሱ «ይህን ሰምተሽ ወንዙን ማበላሸት ትችያለሽ?» ብለው ጠየቋት። እሷም ጥቂት አሰበችና «እችላለሁ» አለች፤ የትኛዋ ቃል መንገዱን እንዳሳየቻትም ነገረቻቸው። የተማሩት ሁሉ አንብበው ያለፏት ቃል ነበረች። አቶ ማስተዋል ሰርዘው ተመለሱ፤ ጽፈው እንደገና ወረዱ። በሦስተኛው ጊዜ ጸሐይነሽ «አሁንስ አንቱም የማያውቁት መሰለኝ» ስትላቸው ጽሑፉ ወጣ። የዓለምነህ እድገት በዚህ ምክንያት ከዓመት በላይ ዘግይቷል። አኩርፎ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሬሳው ፊት ከሚቆሙት አንዱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ኩሬው እንደገና ነጣ። በዚህ ጊዜ የላይኞቹ ለታችኞቹ ተጣርተው ከብቱ በጊዜ ስለተነዳ አንድም ፍየል አልሞተም። ወሬው ሰቆጣ ሲደርስ እኛ እንኳን ደስ አለዎ ልንላቸው ገባን። እሳቸው ግን «ከብቱን ያዳነው ቃል የእኔ ነው፤ ዓሣውን የፈጀውም የእኔው ነው። በየትኛው ነው እንኳን ደስ ያለኝ?» አሉን። ተሰናብተን ወጣን። አንዳንድ ሰው አዋቂነታቸውን ሰስተው ያዙት ሲል፣ ሌላው ደግሞ ያን ሰንበት አፋቸውን በያዙ ኖሮ ይላል። ሁለቱንም በጆሯቸው ሰምተዋል። ለሁለቱም «ሊሆን ይችላል» ነበር መልሳቸው።

አቶ ማስተዋል ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በሰቆጣና ከሰቆጣም ውጭ ሲታከሙ ኖረው፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደጅይጥኑን፣ ልጆቻቸውን ኤደንንና ምስክርን፣ አንዲት የልጅ ልጅ መስከረምን፣ እንዲሁም በየመንገዱ ጃንጥላቸውን ያስቀመጡላቸውን ወዳጆች ትተው ሄደዋል። የልብን ሐሳብ ከአፍ ቃል ለይቶ የሚያውቅ አምላክ ለበጎ ብለው የተናገሩትን በበጎ ይቁጠርላቸው፤ ነፍሳቸውንም ውኃው በማይደፈርስበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ትናንት ድንኳኑ ውስጥ ምስክር ከወይዘሮ ጸሐይነሽ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እሳቸውም ዛሬ ሸብተዋል፤ ከሰሃላ ድረስ የመጡትም ለዚሁ ልቅሶ ነው። ምስክር ሊያጽናናቸውም ሊጽናናም ብሎ «እማማ ጸሐይነሽ፣ እንግዲህ አባባም ዐረፉ፤ ያ የዓሣው ነገርም ነገ አብሯቸው ይቀበራል» አላቸው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ አብረዋቸው የመጡትን የሰሃላ ሰዎች፣ ዛሬ አስከሬኑን የሚሸከሙትን፣ አንድ በአንድ ተመለከቱና፣

«ልጄ፣ የሰሙት እኮ ቀባሪዎቹ ናቸው» አሉ።