ደጀኔን ያወረደው ደቦ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለወንድም ጋሼ ቢቂላ፤ ባሌ፣ ሮቤ።

ለመሆኑ እንደምን ከረሙልኝ? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? ያ ሲበርድ የሚነሳብዎት ሳልስ ለቀቀዎት? እታለም የሻሽወርቅስ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ? የበልጉ ዝናብ ጊዜውን ጠብቆ ጣለላችሁ? እኛ፣ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁንና፣ በጣም ደህና ነን። «በጣም» ያልኩት ለወጉ አይደለም። ከአምናው ጥቅምት ወዲህ ለእርስዎ ደህና ነን ስል ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ዛሬ ግን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። በስልክ እንዳልነግርዎት ኔትወርኩ ገና ጤና ይስጥልኝ ስንባባል ይቆርጠዋል፣ ይሄ ደግሞ እየተቆረጠ የሚወራ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብለው፣ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡልኝ። ልጅዎ ቶሌራ እንዲያነብልዎት አይስጡት፤ ያ ልጅ የሚያስቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ለብቻው ስቆ ነው የሚያልፈው።

ባለቤቴ ደጀኔ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ እንዴት እንደኖርን ከፊሉን ነግሬዎታለሁ፣ ከፊሉን ደብቄዎታለሁ። ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና ይዞ አሰብ ነው፣ ሞያሌ ነው፣ መተማ ነው ሲል የኖረ ሰው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በመስኮት የሰው መኪና ሲያይ ይውል ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሰን እናንተ እዚያ እልል ስትሉልን፣ እኛም ከላይ ሆነን አገሩን እናያለን ብለን ስንደሰት፣ ሕንፃው ሊፍት እንደሌለው ማን ልብ አለ? ፎቅ እኮ እግር ላለው ሰው ነው። ሐኪሙ ካልተራመደ፣ ፀሐይ ካልሞቀ እግሩ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ለሕክምና የሰፈር ልጆች ተሸክመው ሲያወርዱት ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን መጠጠለት። ከዚያ በኋላ ብሞት አልወርድም አለ። ወሬም ተወ፣ ሬዲዮም ተወ። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብለት «እኔን ተይኝ አልጣሽ፣ እኔ እኮ የቤት ዕቃ ሆኛለሁ» ሲለኝ፣ ወንድም ጋሼ፣ ትሪውን አስቀምጬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መላው ግን ከእግራችን ስር ነበር። ከሕንፃችን ግራውንድ ላይ ሪሀና የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ትኖራለች። የልጆች ኳስ መስኮቷን እየመታ፣ አቧራው ጨርቋን እያበላሸ ቢያስመርራት፣ ምነው ፎቅ ላይ ቤት ባገኘሁ ትላለች። እኔ ደግሞ ምነው መሬት ባገኘሁ እላለሁ። አንድ ቀን ውሃ ስንቀዳ ተያየንና ሳቅን፤ ቤት እንለዋወጥ ተባባልን። ነገር ግን የሷ ዕቃ ሲወጣ የኔ ሲወርድ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። እሷ ሕፃናት አሏት፣ እኔ በሽተኛ አለኝ፣ ማናችንም ደረጃ ላይ አናድርም። የሰፈሩን ጫኝና አውራጆች ብጠይቃቸው የጠሩትን ዋጋ ሰምቼ፣ ዕቃውን ነው ወይስ ሕንፃውን ነው የምታወርዱት ብያቸው ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ሔዋን ነን። የሔዋንን ጉልበት ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፤ ከስልኳ ሌላ ያነሳችው ነገር የለም።

አሁን ስለ ቤተክርስቲያናችን ላውራዎት። እባክዎ ፊትዎን አያጥቁሩብኝ፣ ስለ ሃይማኖት ልንከራከር አይደለም። ያ እርስዎ ታቦት የለው፣ ቡና የለው እያሉ የሚቀልዱበት፣ ሰው ሞርሞን የሚለው፣ እኔና ደጀኔ ከገባንበት ዓመታት ያለፉት ቤት ነው። የስብሰባ ቤታችን ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ድሮ የሚያጸዳው ተቀጣሪ ነበረ፤ ሰውዬው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ፣ ልክ ገና እንዳለፈ፣ ወንድም ገረመው ተነስቶ ከእንግዲህ ቤቱን የምናጸዳው እኛው አባላቱ ነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ በቤተሰብ ተራ ይያዛል አለ። ገረመው የቅርንጫፋችን ፕሬዚዳንት ነው፤ እንደ ደብር አለቃ ይዩት፣ ደሞዝ ግን የለውም።

ጉምጉምታው አይጣል ነው! አሥራት ከፍለን ደግሞ መጥረጊያ ያለም አለ። ኦሎምፒያ አካባቢ ትልቅ ቢሮ ያለው ወንድም ተስፋልደት፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ እኔ የገዛ ቤቴ መጥረጊያ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። እውነቱን ነው ደግሞ። የሱ ተራ የደረሰ ቀን የፈሳሽ ሳሙናውን ጀሪካን ግማሽ ያህሉን አዳራሹ ላይ ገለበጠው። አረፋው በሩ ጋ ደረሰ፣ እሱም ተንሸራቶ በቂጡ ቁጭ አለ። ያንን አረፋ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እስከ እኩለ ቀን።

የሱ ተራ ላይ እኔ ምን እሠራ ነበር አይሉም? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሸክም ሲያይ እኔ ደቦ ነበር ያየሁት። ይሄ ሁሉ ሕንፃ ሳይቆም፣ እዚሁ አባዶ የአባዬን ጤፍ መንደሩ ሁሉ መጥቶ ሲያጭድልን፣ እኛ ደግሞ በተራችን ሰው ማሳ ላይ ስንወርድ አይደል ያደግነው? እጅ ያበደረ እጅ ይቀበላል፤ አስታዋሽ አይፈልግም። እኔም በልቤ አደራሽን አልጣሽ ብዬ የማንም ተራ ሳይቀረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። መገናኛ ተሰልፌ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ የአንዱን ወንበር እወለውላለሁ፣ የአንዷን መስኮት አጸዳለሁ። እነሱ ታዲያ ጻድቅ አደረጉኝ! ወንድም ገረመው በስብከቱ መሀል የእህት አልጣሽን ትሕትና እዩ ሲል አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና አይደለም፣ ብድር እየሰጠሁ ነው ብዬ እንዴት ልናገር?

በወር አንዴ ጾመን፣ የፈለገ ሰው ተነስቶ ስለ እምነቱ የሚመሰክርበት እሁድ አለን። ሪሀና ቅዳሜ ይመቸኛል ባለችኝ ሰሞን ያ እሁድ ደረሰ። ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ራሱን ዘንበል አድርጎ መንፈሳዊ ቃል ሲጠብቅ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፦ «ወንድሞችና እህቶች፣ የሁላችሁም ተራ ላይ መጥቻለሁ። አሁን ተራው የኔ ነው። የፊታችን ቅዳሜ በጠዋት የካ አባዶ፣ ቤቴ። ዕቃ ይወርዳል፣ ዕቃ ይወጣል፣ ባሌም ይወርዳል። የሚበላ አለ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን» ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ልማድ ሆኖባቸው አሜን አሉ። ሔዋን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ጠብቃ ወረደችብኝ። እማዬ፣ ያ እኮ ሰርቪስ ነው፣ ለእግዚአብሔር የሚደረግ ነው እንጂ ብድር አይደለም፣ አዋረድሽኝ፣ ከእንግዲህ እዚያ ቤት ፊቴን አላሳይም አለችኝ። እኔም ታዲያ እግዚአብሔር አባትሽን ለማውረድ ማንን ነው የሚልከው፣ መላእክት ሶፋ ተሸክመው አይተሽ ታውቂያለሽ አልኳት። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ።

አፌን እንዲህ ብፈታም ሳምንቱ ቀላል አልነበረም። ወንድም ገረመው ደውሎ፣ እህት አልጣሽ፣ የጽዳቱ ሐሳብ እንዲህ አልነበረም፣ እኔ ሰውን ማዘዝ አልችልም አለኝ። ደቦ በትእዛዝ አይመጣም፣ የሚመጣ ይመጣል አልኩት። ደጀኔ ደግሞ ማንም አይመጣም፣ ቢመጣም አልወርድም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰው ሳይመጣ ከቀረ ደግሞ አይወርድም፣ መቼም አይወርድም። ይሄን እያሰብኩ ጭኮ ለወስኩ፣ ንፍሮ ቀቀልኩ። ደቦ ያለ ጠላ እንዴት ይሆናል ሊሉኝ ነው። የቤታችን ሕግ ጠላ አይፈቅድምና በሶ በማር በጥብጬ ትልቁን ባልዲ ሞላሁት።

ቅዳሜ ሪሀና በጠዋት ጓዟን አስራ ደጅ አውጥታ ጠበቀችኝ። ሰው የለም። ፀሐይ ወጣች፣ ሰው የለም። የሪሀና ዓይን የታሉ ሰዎችሽ ይለኛል። ልሙት ነው የምልዎት፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከዚያ አንድ ታክሲ በግቢው በር ገባ። መጀመሪያ የወረደው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድም ተስፋልደት! አዲስ ቱታ ለብሶ፣ መወልወያ ተሸክሞ! ምን ሊያደርግበት እንዳመጣው እሱም አያውቅም። ከኋላው ሚስቱ፣ ከኋላቸው ወጣቶቹ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ታክሲ፣ ከዚያ ወንድም ገረመው ራሱ ከነቤተሰቡ። መንገድ ተዘግቶባቸው መገናኛ ላይ ቆመው ነው ለካ። እልልታዬን አቀለጥኩት! አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል።

ከዚያማ ምን ልበልዎት። ደረጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉታል፤ በቀኝ የኔ ድስት ሲወርድ በግራ የሪሀና ፍራሽ ይወጣል። ጫኝና አውራጆቹ መጥተው ማን ፈቀደላችሁ ሊሉ ነበር። ገረመው ደቦ ነው ቢላቸው ትልቁ ሰውዬ፣ ደቦ ካየሁ ስንት ዘመኔ ብሎ ሳቀና ቁምሳጥኑን በትከሻው ገባለት። ጭኮውንም ከማንም በላይ የበላው እሱ ነው።

የቀረው ደጀኔ ነበር። አልጋው እንኳ ተፈትቶ ሄዶ እሱ ባዶ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ቀረ። አትንኩኝ አለ። እኔ ለመንኩት፣ ሔዋን አለቀሰች፣ እምቢ። ያን ጊዜ ተስፋልደት ፊቱ ቁጢጥ ብሎ፣ ጋሽ ደጀኔ፣ እኛ ሸክም አናውቅም፣ ደረጃው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ለመሆኑ እርስዎ ተሳቢ መኪና ጠባብ መታጠፊያ ላይ እንዴት ነበር የሚያዞሩት ብሎ ጠየቀው። ደጀኔ ቀና ብሎ፣ ሰፋ አድርገህ ትይዛለህ እንጂ ወደ ጥጉ አትጠጋም አለ። ታዲያ ይምሩን አለው።

ወንድም ጋሼ፣ ከነወንበሩ አነሱት። ባሌ እየነዳቸው ወረደ! ሰፋ አድርገህ ያዝ፣ የኋላው ቀስ፣ ፍሬን፣ ፍሬን አልኩህ እኮ እያለ! ያ ስንት ወር የታፈነ ድምፅ ደረጃውን ሞላው። ጎረቤቱ እንደገና በር በሩ ላይ ወጣ፤ ዛሬ ከንፈር የመጠጠ የለም፣ የሚስቀው ይስቃል፣ የሚያጨበጭበው ያጨበጭባል። ታች ሲደርሱ ሞተሩን አጥፉት አለና ሁሉም በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ቀኝ እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ፣ ግራውን በእጁ ይዞ አጠገቡ አደረገው። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች። ሲያለቅስ አየሁት፣ እኔም አላፈርኩም፣ እዚያው አለቀስኩ። ፊቴን አላሳይም ያለችው ልጄ ሁሉንም በስልኳ ቀርጻዋለች፣ ለልጅዎ ለፌናን ትልክላታለች።

በሳምንቱ ቅዳሜ እኔ ወደ ኢምፔሪያል ልሄድ ስል ደጀኔ ለብሶ፣ ሐኪሙ ሰጥቶት ጥግ የከረመውን ምርኩዝ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አይሆንም ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ማርሽ ሲያስተምረው ደረስን። እዚያም ጨርቅ ይዞ ወንበሮቹን አንድ በአንድ በቀኝ እጁ መወልወል ጀመረ። ወንድም ገረመው ሮጦ መጥቶ፣ ጋሽ ደጀኔ ኧረ ይረፉ ቢለው፣ ያን ሁሉ እጅ ተበድሬ ቁጭ ልበል እንዴ፣ ያለኝ አንድ ነው፣ እሱን ተቀበሉኝ አለው። አሁን ቤቱን ካጸዳን በኋላ የአንድ ሰው ቤት መሄድ ልማድ ሆኗል። ባለፈው የአንዲት አሮጊት ጣራ ተጠገነ። ተስፋልደት ሚስማር ሲመታ አውራ ጣቱን ቀጥቅጦ ጮኸ፣ ግን አልቀረም።

እንግዲህ እታለም የሻሽወርቅን አጥብቀው ይሳሙልኝ፣ ጭኮውን በእርሷ አሠራር መሥራቴን፣ መመስገኗንም ይንገሯት። ቶሌራን ትምህርትህን ያዝ፣ በአክስትህ ደብዳቤም አትሳቅ ይበሉልኝ። ፌናን በዓል ሲደርስ ትምጣልኝ፤ ቤታችን ደረጃ የለውም፣ ሻንጣዋ የቱንም ያህል ይክበድ። ጎረቤትዎን እቴቴ ሐሚዳን፣ ልጆቿንም አንድ በአንድ ሰላም ይበሉልኝ። ሔዋን ሁላችሁንም ናፍቃለች፤ ሪሀናም ከአራተኛ ፎቅ፣ ንፋሱ ግሩም ነው፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ደጀኔ የራሱን ሰላምታ በራሱ አፍ እንዲያስጽፈኝ ብዬ ብጠራው አይመልስም። ተነስቼ መኝታ ቤት አየሁ፣ ሽንት ቤቱን አንኳኳሁ። የለም። ምርኩዙም የለም። ወንድም ጋሼ፣ ሰውዬው ሳይነግረኝ ወጥቷል!

ታናሽ እህትዎ አልጣሽ
አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.