የኛን ጥድ ለምን ቀረጽካት?

ለልጄ ለኢሶሺቺ፣ ኤዶ ከተማ ላለኸው ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? ሚስትህ ኦታኪስ እንዴት ናት? ትንሿን ልጅህን ኦናሚን ሳሉ ለቀቃት ወይ? እኔ ጉልበቴ ካስቸገረኝ በቀር ደኅና ነኝ። ወትሮ የሚጽፍልኝ መነኩሴው ነው፤ ይህን ግን ለሰው አፍ ስለማልሰጠው ራሴ ጫርኩት። ፊደሌ ተንጋደደ ብለህ እንዳትስቅ። አንብበህ እሳት ውስጥ ጣለው።

ጭስ የሚተፉት የባዕድ መርከቦች ከሄዱም ወዲህ መንደሩ እንቅልፍ የለውም። ትናንት ዓሣ ነጋዴው ጌንሮኩ ከኤዶ ሲመለስ፣ ፊቱን በባርኔጣ የሸፈነ ሰው መንገድ ላይ የሸጠለትን፣ ከተቀረጸ እንጨት የታተመ የወሬ ሥዕል ይዞ መጣ። "ሌላው ሁሉ መርከቡን ዘንዶ አስመስሎታል፤ ይሄ ግን ልክ እንዳየነው ነው! ይቺስ የኛ ጥድ አይደለችም እንዴ? ምርኩዟ ሳይቀር!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ያንተ እጅ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ለእናትህ ሙት ዓመት መጥተህ፣ ከገደሉ ላይ አብረን ቆመን ያየነው ነው። ስምህን ባትጽፍስ፣ በሁለት ምርኩዝ የቆመች ጥድ ከኛ በቀር የት አለች? እንዲህ ያለ ሥዕል የቀረጸ እንደሚታሰር እያወቅክ፣ ምን ነካህ?

የመንደሩ ሹም ቶራዞ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ "ጉንበይ፣ ያንተ ልጅ እንጨት ቀራጭ አይደል?" አለኝ። "የመጠጥ ቤት ሰሌዳ ነው የሚቀርጸው፤ እሱማ መርከብ ቢያይ ዓሣ ነባሪ ነው የሚለው!" አልኩት። ሳቀና፣ "ለማንኛውም ለኡራጋ ሹማምንት ላሳያቸው፤ መጥተው ከገደላችን ጋር ያስተያዩት" አለ። ነገ ይመጣሉ።

ለመድፍ ምሽጉ ግንድ አዋጡ ተብለን ነበር። ዛሬ ጠዋት መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁና ጥዷን ገንድሼ ሰጠሁ። ቶራዞ በሰው ፊት፣ "ሽማግሌው እንኳ አያቱ የተከሉትን ዛፍ ለአገሩ ሰጠ!" ብሎ አመሰገነኝ። አጎንብሼ መጥረቢያዬን አነሣሁ። ጉቶዋን በአፈር ሸፍኛለሁ። የጌንሮኩንና አብሮት የሳቀውን ሰው አፍ ግን በምን ልሸፍነው?

ያየኸውን እንዳለ ተናገር እያልኩ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። አሁን ግን እለምንሃለሁ፣ መቅረጽህ ካልቀረ እንደ ሰዉ ዋሽ። መርከቡን ዘንዶ አድርገው፤ ገደሉን ተወው። እምቢ እንዳትለኝ፤ እልኽህ ከማን እንደመጣ አውቀዋለሁ።

ኦናሚን ራሷን ዳብስልኝ፤ የላክሁት ደረቅ ዓሣ የሷ ነው። ኦታኪን ሰላም በልልኝ፤ የቀረጽክበትን ሰሌዳ ፈልጣ ዛሬውኑ ሩዝ ታብስልበት። የመጀመሪያውን ጭልፋ ለእናትህ አስቀምጡላት። ሞታም ቢሆን ስላንተ መጨነቋን የተወች አይመስለኝም።

አባትህ ጉንበይ
ከኡራጋ በታች፣ ከባሕሩ ዳር
በካኤይ ዘመን፣ ስድስተኛው ዓመት፣ ሰባተኛው ወር