አግዳሚሽን ባዶ ያስቀረችው ልጄ

ውድ ጸጉር ሠሪዬ፣

መቼም አንቺ ፊት ተደብቆ የቀረ ጉድ የለኝምና ከሚያሳፍረው ልጀምርልሽ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ዋዜማውን ቤቴ ታጥቤ በቢጎዲን ጠቅልዬ ያሳደርኩትን ንጹሕ ጸጉር በሻርፕ ሸፍኜ፣ ድሮ ያንቺ ወደነበረው ጸጉር ቤት ሄድኩና የሌላ ሰው ስም ሰጥቼ ተራ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ «አንቺ ቅደሚ የኔ እመቤት፣ እኔን ምን አስቸኮለኝ» እያልኩ ከኋላዬ የመጣችውን ሁሉ አሳለፍኩ። ምን ላድርግ፣ ወሬው ደርቶ ነበራ! አንዲት ልታገባ የደረሰች ልጅ፣ እጮኛዋ እናቱን ሳያማክር ትራስ እንኳ አይገዛም ብላ ታማርራለች፤ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተችው ሴትዮ ደግሞ ግማሹ ብቻ እየደረሳት «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ትላለች። ከዚህ ላይ ተነስቶ መታጠቢያው ጋ የሚሄድ ሰው አለ?

በዚህ መሐል በሩ ብርግድ አለና ልጄና ያቺ ሽቦ የምንላት ጓደኛዋ እያለከለኩ ገቡ።

«ይቅርታ አድርጉልን» አለች ልጄ ስልኳን ከፊቷ ደቅና። «ቸኩያለሁ ብላ ተራ ይዛ፣ ተራዋ ሲደርስ የማትገባው ደንበኛ የትኛዋ ናት? የተራ መያዣ አፓችን ተቃውሷል። ስህተቱን ስንፈልግ ጠዋቱ አለቀብን።»

 እኔ በመጽሔት ፊቴን ጋረድኩ፤ ያውም እኔው በምጽፍበት መጽሔት። ሽቦ ጎንበስ ብላ ከስር አጮለቀችና፣ «ስህተቱ ተገኝቷል» አለቻት። «እናትሽ ናት።»

በይ ሳቂ። እዚህማ የሳቁት ሳቅ ከጎኑ ያለው ልብስ ሰፊ ድረስ ተሰምቷል። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ የማስበው አንቺን ነበር። ያቺ ልጅ በሰው ፊት ቀና ብላ «ስህተቱን ስንፈልግ» ለማለት የበቃችው በማን ሆነና? ይኸን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን እኔና አንቺ በስልክ እኩል ስለምናወራ አንዳችንም አንሰማም። ስለዚህ እዚሁ ዓምዴ ላይ ጻፍኩልሽ፤ መጽሔቱን ከኋላ ጀምረሽ ስለምታነቢ ቀድመሽ የምታገኚው የኔን ገጽ ነው። ልጄ «የማንንም ስም አትጥሪ» ብላ አስምላኛለች። አልጠራሁም።

አጀማመሩን ታስታውሺዋለሽ። ልጄ የቤት ቁልፍ ልትወስድ ትመጣና አንቺ ቀለም በነካው እጅሽ ስልክ ስታነሺ ታገኝሻለች። «ተራዬ ደረሰ?» ይላል አንዱ ስልክ፤ ሳትዘጊው ሌላው። ትንሽ ቆማ አየችሽና፣ «እትዬ፣ ይኼን ነገር ላስቀርልዎት?» አለች።

«ስልኩን ነው ወይስ ደዋዮቹን?»

«ሁለቱንም።»

«ደዋዮቹን እንኳ ተይልኝ፤ የምበላው በእነሱ ነው።»

ያን ጊዜ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ኮምፒውተርም አልነበራት። ግዙልኝ ስትለን እኔና አባቷ «ጌም ልትጫወቺበት ነው» ብለን በአንድ አፍ አባረናት፣ «እንግዲያው ራሴ እገዛዋለሁ» ብላን ነበር። እኛ ስቀናል። የመጀመሪያውን አፕ የጻፉት በሽቦ ወንድም አሮጌ ኮምፒውተር፣ እሱ ሥራ ሲሄድ እየጠበቁ ነው። ደንበኛዋ ከቤቷ ተራ ትይዛለች፤ ሊደርሳት ሲል መልእክት ይመጣላታል፤ ትመጣለች፣ ትሠራለች፣ ትሄዳለች። አንቺም በየወሩ ትከፍያቸው ጀመር።

ኮምፒውተሩ እኛ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሹራብ ነው ያደገው። አንድ ወር ሜሞሪው፣ አንድ ወር ኪቦርዱ። ሽቦ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ጋር ስትከራከር ትውልና አንድ ነገር በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ትመጣለች። የልጄ አባት ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ «እሺ፣ ዛሬ ደግሞ ምኑ ተወለደ?» ይላል። ማራገቢያው የተቃጠለ ሰሞን ያንቺን አሮጌ የጸጉር ማድረቂያ ፎን በቀዝቃዛው ላይ አድርገው፣ እየተፈራረቁ ኮምፒውተሩን «ሲያደርቁት» ያየሁ እኔ ነኝ። እራት የምንበላው ሳሎን ወለል ላይ ሆነ። ማንም አላጉረመረመም። የቀረው ስክሪኑ ብቻ ነበር፤ ሻጩም «እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይላችኋለሁ» ብሏቸው ነበር።

ታዲያ አፑ ሠራ። በጣም ሠራ። ችግሩም እሱ ነበር።

ጸጉር ቤትሽ ስገባ አግዳሚው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ያ ስንት ሠርግ የተመከረበት፣ ስንት ባል የታማበት አግዳሚ ቦርሳ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ደንበኛው አልቀነሰም፤ ግን የምትመጣው ሴት ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ጥፍር የሚያሠራ ጠፋ፤ እህቷን አስከትላ የምትመጣ ጠፋ። እኔማ የዓምዴ ምንጭ ደረቀ። አለቃዬ «ምነው ወሬሽ ጨው አጣ?» እስኪለኝ ድረስ ስለ አበባ አተካከል ጽፌያለሁ፤ አበባ ተክዬ አላውቅም።

ከሁሉ ደግሞ ጡረተኛዋ መምህርት። ጸጉራቸው ሁለት ጊዜ በማበጠሪያ ሲነካ ያልቃል፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ከሰዓት ነበር የሚሄዱት። አንድ ቀን በመልእክት ተጠርተው መጡ፣ ተበጠሩ፣ «ጨርሰናል» ተባሉ። በሩ ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ ያዩበትን ዓይን አልረሳውም፤ ምን እንደጠፋባቸው ያላወቁ ሰው ይመስሉ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም።

ያን ሰሞን ተደብቄ የመጣሁብሽን ቀን ልጄ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ አሁን ይኸው ታንብበው። አፑን ልትተዪው እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። አንቺ ከተውሽው፣ በአንቺ ምክር አፑን መጠቀም የጀመሩት የወንዶች ጸጉር አስተካካዩና ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊው እንደማይቆዩም አውቃለሁ።

«እባክሽ» አልኩሽ፣ «ስክሪኑን እስክትገዛ ብቻ ዝም ብለሽ ክፈያት። ልቧ ይሰበራል።»

የጸጉር መርፌሽን ከጥርስሽ መሐል አወጣሽና፣ «እህቴ፣ ጸጉርሽን አበላሽቼብሽ አምሮብሻል ብልሽ ትወጂያለሽ?» አልሽኝ።

«ኧረ አልወድም።»

«በይ ልጅሽን ላኪልኝ።»

አዘንኩብሽ፤ ምን ይደበቃል። እስከ ቤቴ ድረስ «ደንዳና» እያልኩሽ ነው የሄድኩት።

ቅዳሜ ልጄ መጣች። ስልኳን ተቀብለሽ ፎጣ መሳቢያው ውስጥ ከተትሽና፣ «አግዳሚው ላይ ተቀመጪ፤ ተራሽ ሲደርስ እጠራሻለሁ» አልሻት። አልጠራሻትም። አንድ ሁለት ሴቶች ገቡ፣ ወጡ። መጀመሪያ ጥፍሯን ስትቆረጥም ነበር አሉ፤ በኋላ ግን ጆሮዋ ተከፈተ። አንቺ ሰው ልከሽ ያስመጣሻቸው መምህርት ደግሞ መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?»

«ሰው ተራ እንዳይጠብቅ የሚያደርግ አፕ ሠርቻለሁ።»

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉና ሳቁ። ቁጣ የለበትም፤ እጇንም ያዝ አደረጉት። «እኔ እኮ ልጄ፣ ተራ መጠበቁን ነበር የምወደው።»

ልጄ ናት ይኸን የነገረችኝ፤ ያን ቀን ሳይሆን ብዙ ቆይታ። ያን ቀንማ ከሰዓት ገፋ ሲል ጠርተሽ ጸጉሯን በራስሽ እጅ አጠብሽላት። ውኃው እየፈሰሰ፣ «ምን ሰማሽ?» አልሻት።

«ሁሉን ነገር።»

«እንግዲህ የሰማሽው እዚያ ስልክሽ ውስጥ የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ አስገቢው። ካልቻልሽ በፍቅር እንለያያለን፤ ጸጉርሽን ግን ሁልጊዜ እሠራልሻለሁ።»

ቤት ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። ሻምፖ ገብቶብኝ ነው አለች። ልሂድና ልጣላሽ ተነስቼ ነበር፤ ልጄ ናት የያዘችኝ። «እማዬ ተዪ» አለች፣ «እስካሁን ጎበዝ ጎበዝ ብቻ ነው ያላችሁኝ። እንዳልሠራ የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ልጄና ሽቦ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተነታረኩ አንቺ አልሰማሽም። «ሰው ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ደግሞ ኮድ ይጻፋል እንዴ?» ትላለች ሽቦ። «ጨዋታ እኮ ሜሞሪ አይደለም፣ ሄደን አንገዛው!» ጻፉ፣ አጠፉ። በመጨረሻ የወጣው ነገር ከማነሱ የተነሳ የልጄ አባት «ይኼው ነው?» ብሏል። ሁለት ቁልፍ። አንዱ «ቸኩያለሁ»፣ አንዱ «ለጨዋታ ነኝ»። የቸኮለችውን ተራዋ ሲደርስ ይጠራታል። ለጨዋታ የመጣችውን ግን አይነካትም፤ በፈለገችው ሰዓት መጥታ ትቀመጣለች፣ «በቃኝ» እስክትል ተራዋ አያልፍባትም።

የመጀመሪያዋን «ለጨዋታ ነኝ» የተጫኑት መምህርት ናቸው፤ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው። በሳምንቱ አግዳሚው ሞላ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ጠፍቶ እኔ ራሴ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጫለሁ። ወሩ አለቀ፣ ከፈልሽ። ስክሪኑ በፎጣ ተጠቅልሎ ገባና እኛም ወለላችን ላይ ቀረን።

ከዚያ ልጅሽ መንታ ወለደችና «አራት እጅ ያስፈልጋታል» ብለሽ ቤቱን ለረዳትሽ አስረክበሽ ሄድሽ። የሄድሽ ዕለት ያንን በእግር ሲረገጥ ከፍ ዝቅ የሚለውን ወንበርሽን እኛ በር ላይ አስወርደሽ፣ «ለሥራ አስኪያጇ» አልሽ። እኔ ያን ጊዜ ብዙ ነገር ልልሽ ነበር። ደንዳና ብዬሽ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፤ ልጄን እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሙያተኛ ቆጥረሽ እውነቱን ስለነገርሻት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልልሽ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን «አሁን ያንን ሻምፖ ከየት አገኛለሁ?» ነው። አንቺም «ጉድ ነሽ» ብለሽ መኪና ውስጥ ገባሽ። ይኸው አሁን አልኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወንበሩ ዛሬ ኮምፒውተሩ ፊት ነው። ደንበኛ ሲጨምሩ ሽቦ ፔዳሏን እየረገጠች «ኩባንያው ከፍ ብሏል!» ትላለች። ቅዳሜ ቸኩያለሁ የተጫንኩትም ለምን መሰለሽ? ልጄ ዝርዝሩን ስለምታየው፣ ለጨዋታ ብል በሐሰት ስሜም ቢሆን የምታውቀኝ መስሎኝ ነው። ተንኮሌ ያን ቀን አዋርዶኝ ዋለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ብዙ ክፍል ያለው ክሊኒክ ያለው፣ አፑን ፈልጎ ደወለ። እስካሁን ካገኙት ሁሉ ይበልጣል፤ በእሱ ክፍያ ለሽቦ የራሷን ኮምፒውተር ሊገዙ አስበዋል። ሽቦ እስከ ዛሬ የልጄ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተራ ጠባቂ ናት። ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የጨዋታው ቁልፍ ይውጣ። «ይኼ ክሊኒክ ነው እንጂ ሻይ ቤት አይደለም» ሲል በስልኩ ድምፅ ማጉያ እኔም ሰማሁት፤ ድስት የማማስል መስዬ።

ልጄ ሽቦን አየቻት። በክፍያው የሚገዛው ኮምፒውተር የእሷ ነበራ። ሽቦ በሹክሹክታ፣ «በዪው» አለቻት።

«ዶክተር» አለች ልጄ፣ «እርስዎ ጋ የሚመጣ ሰው ፈርቶ ነው የሚመጣው። የፈራ ሰው ብቻውን ይቀመጥ?»

«ልጄ፣ እኔ ጥርስ ነው የምነቅለው።»

«አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ አግዳሚዎ ላይ ይቀመጡልኝ፤ ስልክዎን እኔ እይዝልዎታለሁ። ከዚያ በኋላም ይውጣ ካሉ፣ በፍቅር እንለያያለን።»

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሽንኩርት ነው አልኳቸው፤ ሽቦ «ሽንኩርቱ እኮ የት አለ?» አለች።

ሰውዬው ሳቀ፤ የሚመጣው ቅዳሜ እቀመጣለሁ ብሏል። ያቺን ቅዳሜ እንዴት አድርጌ ላምልጣት? አንዱ ጥርሴ ሊያመኝ አስቧል። በጠዋት ሄጄ አጠገቡ እቀመጥና፣ አፑ ገና ስለሌለው በአፌ «ለጨዋታ ነኝ» እላለሁ፤ በራሴ ስም። ማን ምን እንዳለው፣ እሱም ምን ሆኖ እንደተነሳ፣ ሽቦ የራሷን ኮምፒውተር ታግኝ ወይም እዚያው ጥጓ ላይ ትቆይ፣ ሳላስቀር ሳልጨምር እጽፍልሻለሁ። ጥርሴን ካልነቀለው በቀር።

መንቶቹን ሳሚልኝ፤

አግዳሚሽ ላይ ያደገችው ወሬኛሽ