ስለ «ኮሎኔል እርሳስ» ዕረፍትና ስለ ሸለቆው ሰዎች የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የዘመቻ ዕቅድ ባለሙያዎች የጡረተኞች ማኅበር፣ አባሉ የነበሩት ኮሎኔል ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው በኩላሊት ሕመም ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለቀድሞ ባልደረቦቻቸውና ለሕዝብ የሚገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር ግን የሚያንገሸግሸን ነገር አለ፤ እሱንም ሳንናገር አናልፍም።

የጦሩ ዋና መምሪያ ረቡዕ ዕለት ባወጣው መግለጫ ኮሎኔሉን «የሸለቆው ዘመቻ በስኬት እንዲጠናቀቅ ያደረጉ» ብሏቸዋል። ዘመቻው እንዴት እንደተጠናቀቀ እናውቃለን፤ ከማኅበሩ አባላት አራታችን በውሳኔው ስብሰባ ላይ ነበርን።

ኮሎኔሉ ሥራ የጀመሩት በካርታ ነዳፊነት ነው። የአካባቢውን ሰው ቁጭ ብለው ሳያነጋግሩ አንዲት መስመር በቀለም አያሰፍሩም ነበርና በመምሪያው የሚጠሩት «ኮሎኔል እርሳስ» እየተባሉ ነበር።

በአገልግሎታቸው ሃያኛ ዓመት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በአካባቢ አጋሮች የሚካሄድ ልዩ ዘመቻ የራሱ ጠባይ እንዳለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ለአጋር ኃይል መለዋወጫው የማይገኝ መኪና አይሰጥም፤ አዝመራ በሚሰበሰብበት ሳምንት ግዳጅ አይታዘዝም፤ ማን ከማን ጋር ደም እንደተቃባ ሳይጠየቅ መሪ አይሾምም። ረቂቅ ይዘንላቸው ስንገባ ከኋላ ገልጠው ይጀምሩና «እኛ ስንወጣ እነሱ የት ያድራሉ?» ይሉን ነበር።

በሃያ ዘጠነኛው ዓመት የሸለቆውን ዘመቻ አቀዱ። ከእኛ ወገን የገባው አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ድልድዩንና መንገዱን ከታጣቂዎች የሚጠብቁት መቶ ስልሳ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። መሪያቸው ወፍጮ ቤት ስለነበራቸው ሁላችንም «ባለወፍጮው» እንላቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አንድ አውቶቡስ አልተቃጠለም።

የዕቅዱ የመጨረሻ ገጽ፣ ጦሩ በሚወጣበት ጊዜ የአጋሮቹ ቤተሰቦች በስድስት ቀን ውስጥ በመኪና ወደ ከተማ እንደሚወሰዱ ቃል ይገባል። ኮሎኔሉ ዱቄት ላይ ታች በሚቦንበት ወፍጮ ቤት ተቀምጠው፣ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎችን ስም በየቤተሰቡ ራሳቸው ጽፈዋል።

በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት የመውጣት ትእዛዝ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው ጠባብ የስብሰባ ክፍል ሻይና ብስኩት ቀርቦልን ተቀመጥን። ሰብሳቢው ያቺን ገጽ ከዕቅዱ ገንጥለው አወጡና «ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች? ሰዎቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ ከቤታቸው የት ይሄዳሉ?» አሉ። ኮሎኔሉ ተነሥተው «ስማቸውን የሰጡኝ አምነውኝ ነው» አሉ። «ይመዝገብልዎት» ተባሉ። ገጿ እንድትሰረዝ ድምፅ ተሰጠ። አራታችንም እጃችንን አወጣን። ከዚያ ምሳ ሄድን። ደግሞም በላን።

አሥራ አንዱ ሐሙስ ዕለት በሄሊኮፕተር ወጡ። የመምሪያው ስልክ እንዳይነሣ ታዝዞ ስለነበር ባለወፍጮው የደወሉት ኮሎኔሉ ቤት ነው። ባለቤታቸው አጠገባቸው ሆነው ሰምተዋል። «መኪኖቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ ባለወፍጮው። «መኪና አይላክም። እኔ ግን መጣሁ፤ ሴቶቹንና ልጆቹን መንገድ ዳር አውጧቸው» አሏቸው ኮሎኔሉ።

የባለቤታቸው ወንድም የጭነት መኪኖች ነበሯቸው። «እህቴን ባል አልባ እንዳታስቀራት» ብለው አራቱንም አስረከቧቸው። አንዱን ኮሎኔሉ ራሳቸው ነዱ። በሁለት ምልልስ ሁለት መቶ ሰባት ሰው ወጣ። የመጨረሻው መኪና እስኪሻገር ድልድዩን ይዘው የቆዩት ባለወፍጮውና አሥራ ዘጠኝ ጓዶቻቸው ናቸው፤ አንዳቸውም አልተረፉም። መቶ አምስት ሰው ከወንዙ ማዶ ቀረ። መምሪያው «ስኬት» የሚለው ይህንን ነው።

ኮሎኔሉ «ከዕዝ ውጭ ተንቀሳቅሰዋል» ተብለው ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ክፍል ተወረወሩ። ጡረታ እስኪወጡ መስኮት በሌለው ክፍል ሠሩ። እኛ ደረጃው ላይ ስናገኛቸው ዓይናችንን ጫማችን ላይ እንተክል ነበር። እሳቸው ግን «እንዴት ዋላችሁ» ማለታቸውን አልተዉም። ያ ሰላምታ እስከ ዛሬ ያቃጥለናል።

ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ አራት ዓመታት ለስደተኛ ጣቢያዎች፣ ለእስር ቤቶችና ለክሊኒኮች ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል። ከመቶ አምስቱ የሠላሳ ስምንቱን መድረሻ አግኝተዋል። ከእኛ አንዳችንም አንድ ፖስታ እንኳ አላሸግንላቸውም።

ባለፈው ወር አራታችን ሆስፒታል ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ? እኔ እኮ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። የባለወፍጮውን ሚስት ጠይቁ» አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ማኅበሩ መምሪያው ለቀብሩ የላከውን የአበባ ጉንጉን በመጣበት መኪና መልሷል። አራታችንም በዚያ ስብሰባ የተባለውንና ያደረግነውን በፊርማችን አረጋግጠን ለጋዜጦች ሰጥተናል። መምሪያው ሊከሰን ይችላል፤ ይክሰሰን።

ለኮሎኔሉ ባለቤት፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ መኪኖቻቸውን ላልነፈጉት የባለቤታቸው ወንድም፣ በእነዚያ መኪኖች ወጥተው ዛሬ በየከተማው ለሚኖሩት ሁሉ መጽናናቱን ይስጣችሁ እንላለን።

በቀብሩ ማግስት የባለወፍጮው ባለቤት ወደሚኖሩበት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ግቢ ሄድን። በሩን ገርበብ አድርገው «የማን ሰዎች ናችሁ?» አሉ። የኮሎኔሉ የሥራ ባልደረቦች መሆናችንን ነገርናቸው። አንድ በአንድ አዩን። «ከስብሰባው ሰዎች ናችሁ?» አሉ። «አዎ» አልን። በሩን ዘጉት።

ትክክል ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከእኛ ወገን አንድ ሰው እንኳ ሐዘኑን ገልጾላቸው አያውቅም። በደጃፋቸው ቆመን ልንናገረው ያልቻልነውን እዚህ እንጽፈዋለን፦ እመቤት፣ ባለቤትዎ የሞቱት እኛ በወሰንነው ነው። እናዝናለን። እንዲከፍቱልን አንጠይቅም።