በኅዳር ያልተነበበው ስም

ቃሊቲ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክርስትና ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ግንብ ሥር ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? ወገብህ እንዴት ነው? ያ የእስር ቤቱ ካህን ቃል የገቡልህ ፍራሽ መጣ ወይስ አሁንም ሲሚንቶው ላይ ነህ? ሳልህስ ለቀቀህ? እኔ ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ ሽሮ ብቻ ስለሚያገኝ ተስፋ ቆርጦ ዝም ብሏል። ክርስትና አባታችን ጋሽ ሀብተሚካኤል ጆሯቸው ጨርሶ እምቢ አለ፤ ስብከት ላይ ግን እንደ ድሮው ራሳቸውን እየነቀነቁ ስለሚያዳምጡ ቄሳችን አባ ሉቃስ በሳቸው ይጽናናሉ። እናትህ ደህና ናቸው። የምጽፍልህም ስለ እሳቸው ነው፤ ግን ቶሎ አልደርስበትም፤ ታውቀኛለህ።

መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናችንን፣ የቁምስናውን ወሬ ልንገርህ። ለመስቀል ደመራው ወደ ታጁ ሱቅ አቅጣጫ ወደቀ። ታጁ አሁንም እዚያው ከበራችን ፊት ለፊት ነው፤ አሁንም ሻማ የምንገዛው ከሱ ነው፤ ከሰበካ ጉባኤያችን ይልቅ የበዓላታችንን ቀን የሚያውቀው ይኸው የስልጤ ሙስሊም ነው። ሽማግሌዎቹ የደመራው አወዳደቅ ለዘመኑ ምን ማለት እንደሆነ ሲከራከሩ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለኔ ከሆነ ሻማ ይወደዳል ማለት ነው፣ አለ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ገላን ኮንዶሚኒየም ገብቷል። እሑድ እሑድ ሁለት ታክሲ ቀይረው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ወንጌሉ ለተቀመጡት ይነበባል፣ ስብከቱ ለሚገቡት ይሰበካል፣ ቡራኬው ላይ ሁላችንም እንገናኛለን።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቃሊቲ ሲባል አገሩ ሁሉ መጀመሪያ ትዝ የሚለው እስር ቤት ነው። አንተ ቃሊቲ ተወልደህ ለመታሰር ሦስት ድንበር ተሻገርክ። በድብቅ የሚያሻግራችሁ መኪና ሲያዝ ከአርባው መንገደኛ መሃል እንግሊዝኛ የምትሞክረው አንተ ብቻ ነበርክ፤ ስለዚህ አስተረጎምክ፤ ስላስተረጎምክ ደላላው አንተ ነህ ተባልክ፤ አሥራ አራት ዓመት። እንግሊዝኛውን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። በየፋሲካው እናዘዘዋለሁ። ዝርዝሩን ስለማልነግራቸው አባ ሉቃስ፣ ልጄ፣ እንግሊዝኛ ማስተማር ኃጢአት አይደለም፣ ብለው ያሰናብቱኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ያቺ ለጉባኤ ወደታሰርክበት አገር የምትመላለሰው መነኩሲት፣ ሲስተሯ፣ ደብዳቤህን ስትሰጠኝ ምን ጽፈህ እንደነበር ረስተኸው ከሆነ ልድገምልህ። ለእማዬ ምንም እንዳትነግራት፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በር በር እያየች ከምትቀመጥ ሞቷል ብላ አንዴ አልቅሳ ይውጣላት፣ ማልልኝ፣ ነበር ያልከው። ማልኩልህ። የቁምስናው ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ለአንድ ቅጠል ወረቀት ማልኩ።

እናትህ ግን አላለቀሱም። የሐሳብህ ጉድለት ይኸው ነበር።

ሁለቱን ሣጥኖች ታስታውሳለህ። ቁምስናውን የመሠረቱት ሚስዮናውያን ትተውልን የሄዱት አንድ ደወል፣ አንድ ድምፅ የማያወጣ ሃርሞንየም የሚሉት የመዝሙር ኦርጋን እና እነዚያን ሣጥኖች ነው። ኅዳር ሲገባ ከበሩ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ነጩ ጸሎት ለሚያስፈልጋቸው ሕያዋን፣ ጥቁሩ ለሙታን። የጥቁሩ ስሞች በወሩ አጋማሽ እሑድ ቅዳሴ ላይ ይነበባሉ። አንድ ዓመት አንተ የሒሳብ አስተማሪያችንን ስም ጥቁሩ ውስጥ ከተህ፣ ሰውየው ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነፍሳቸውን ይማር ሲባል ሰሙ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ያን ጊዜ ጆሯቸው ይሰማ ስለነበር ያንተን ጆሮ ይዘው እስከ አደባባዩ ወሰዱህ። እኔም አብሬ ተገረፍኩ፤ ወረቀቱ ላይ የነበረው ጽሕፈት የኔ ነበር።

አሁንም ጸሐፊው እኔ ነኝ። ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ መጻፍ ለማይችሉት እጽፋለሁ። እናትህ ከሄድክ ጀምሮ አራት ኅዳር፣ በያመቱ፣ ለመንገደኛ ልጄ ብለህ ጻፍልኝ ይሉኛል። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ይቀበሉና ከጽሑፉ ሥር መስቀል ያደርጋሉ፤ ያቺን ቀኝ ክንዷ ከግራው የረዘመች መስቀላቸውን። ፊርማቸው ናት፤ እድሩም ቀበሌውም ያውቃታል፣ እግዚአብሔርም ሳይለምዳት አልቀረም። ከዚያ ነጩ ሣጥን ውስጥ ከተው ቆጯቸውን ሊሸጡ ወደ ሳሪስ አቦ ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ኅዳር 8 ቀን ጥቁር ለብሰው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡና የሚገባ የሚወጣውን ሰው ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ፣ ለጥቁሩ ጻፍልኝ፣ አሉ። ለማን? አልኩ፤ ጥያቄዬን እይልኝ። ለልጄ ነዋ፣ አሉ፤ አምስት ዓመት ለእናቱ የማይደውል ሰው ወይ ሞቷል ወይ ጨክኗል፤ ልጄ ደግሞ አይጨክንም።

ጻፍኩ። ቆንጆ ጽሕፈት ነበር። መስቀላቸውን አደረጉ፣ ጥቁሩ ውስጥ ከተቱት፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ያሰብከው ተሳካ። ሁለት ዓመት የጠበቅነው ነገር ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ቀን ከበሩ ተመለስኩ። ሁለተኛ ቀን ገባሁና፣ ምን ፈልገህ ነው ልጄ፣ ሲሉኝ፣ ጨው አልኩ። ጨው ሰጡኝ። ከነመሃላዬ ጨው ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 15፣ ጾሙ በገባበት እሑድ፣ ሠላሳ አንድ ወረቀት ይዤ ማይኩ ጋ ቆምኩ። ስሞቹ ተራ የላቸውም፤ ከሣጥኑ እንደወጡ ነው የሚነበቡት። አሥራ ስምንተኛው የጎረቤታችን የአደሴ ባል ነበር፤ አሥራ ዘጠነኛው አንተ። ጽሕፈቴን አየሁት። መስቀሏን አየኋት። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ከኋላ አንዱ፣ መብራት ሄደ፣ አለ። ወረቀቱን ገልብጬ ሃያኛውን አነበብኩ።

ልብ በልልኝ፤ አልተናገርኩም። አለማንበብ ነው ያደረግኩት።

ቀና ስል እናትህ አራተኛው ወንበር ላይ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ሊያለቅሱ ተዘጋጅተው፣ ሠላሳውንም ስም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። መዘምራኑ ከመሪያቸው ከሳምራ ጋር መዝሙሩን ሲያነሱ ነጠላውን ከፊታቸው ቀስ ብለው አወረዱትና እኔን ማየት ጀመሩ። እስከ ቁርባን አዩኝ።

አባ ሉቃስ ዕቃ ቤት ውስጥ ልብሳቸውን እያወለቁ፣ አንድ ሙት ቀርቷል፣ አሉኝ። አባ፣ ምስጢር ነው፣ አልኩ። እሳቸውም፣ ምስጢር መጠበቅ የኔ ሥራ ነው፣ ያንተ ሥራ ማንበብ ነው፣ አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው የልብሳቸውን ቁልፍ እንድቆልፍላቸው ብቻ ጠየቁኝ፤ እያወለቁ መሆናቸውን ሁለታችንም ዘግይተን ነው ያስታወስነው።

ያንተ ለቅሶ ግን የዚያኑ ቀን ተደረገ። ድንኳኑ ከጠዋት ተተክሏል፤ የእድራችን ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው ከጨረሱ በኋላ ሟቹ ራሱ መጥቶ አልሞትኩም ቢል እንኳ ትንሽ ቅመስ ነው የሚሉት። እናትህ ከፊት ተቀምጠው እግዚአብሔር ያጽናዎት ያላቸውን ሁሉ አሜን አሉ። እንባ አልወጣቸውም። ደንግጠው ነው፣ ውስጥ ውስጡን ነው የሚያለቅሱት፣ አሉ ሴቶቹ። ስለ አንተ ብዙ ጥሩ ነገር ተወራ፤ ግማሹን አላውቀውም። አንዱ ጎረቤት ኳስ ትችል ነበር ብሎ መሰከረ። ንፍሮዬን ቆረጠምኩ። ልሰናበት ስል እናትህ እጄን ያዙና፣ አንድ ስም ጎደለ፣ አሉኝ። ዓይኔ ነው እማማ፣ አልኩ። ዓይንህስ ደህና ነው፣ አሉና ለቀቁኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሳይገባ አግዳሚው ላይ ከኔ ቀድመው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለነጩ ጻፍልኝ፣ አሉ። እንደ ድሮው ለመንገደኛ ልጄ ልበል? አልኩ። እኔ ምን አውቄ፣ አሉ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጻፈው። ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም፤ በደብረ ዘይት መንገድ የሚያልፈውን ሲኖትራክና አቧራውን ነበር የሚያዩት።

ለመንገደኛ ብዬ ልጽፍ ነበር። አራት ዓመት የጻፍኩት ቃል ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። ስጨርስ ግን ወረቀቱ ለታሰረ ልጄ ይላል። ማንበብ አይችሉም ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። እሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው በአራት አጠፉት፤ ግን ወደ ሣጥኑ አልሄዱም። መንገዱን ተሻግረው ታጁ ሱቅ ገቡ።

ከአግዳሚው ሆኜ ሁሉንም አየሁት። ታጁ መነጽሩን አጠለቀ፣ አነበበ፣ ቀና ብሎ በመንገዱ ማዶ እኔን አየኝ፣ እንደገና አነበበላቸው። እናትህ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዙ። ታጁ ዞሮ ወጥቶ በርጩማ አስጠጋላቸው፣ ውኃ ሰጣቸው፣ ደንበኛ ሲመጣ በእጁ መለሰው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅከው ልቅሶ፣ ወንድሜ፣ የሆነው ሻማና ኦሞ መሃል ነው፤ የሆነበት ምክንያት ደግሞ አንተ ካሰብከው ሌላ ነው።

ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበው ነበር። እስክሪብቶዬን ተቀብለው መስቀላቸውን አደረጉ፣ ነጩ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ፣ ብርድ አለው? አሉኝ። አሁን እዚያ ሙቀት ነው፣ ብርዱ በኛ ክረምት ነው፣ አልኩ። መልሼ ስሰማው ምንም ያልተናገርኩት ነገር አልቀረም።

በማግስቱ ሻማ ልገዛ ስሄድ ታጁ ሳልጠይቀው፣ እኔ መነጽሬ ተሰብሯል፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ያነበብኩት ነገር የለም፣ አለኝ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር።

ጥቁራቸውን ግን አላወለቁም። ሰው ሲያገኛቸው ያጽናዎት ይላል፣ አሜን ይላሉ። አንድ ቀን አልቻልኩምና፣ እማማ፣ እስከ መቼ ነው? ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጄ ሙቻለሁ ካለ ምን ብዬ አሳፍረዋለሁ? አሉኝ። እስኪበቃው ድረስ እለብሰዋለሁ፣ አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነናል። አንተ እሳቸው እንዳይጠብቁ ብለህ ሞተሃል። እሳቸው አንተ እንዳታፍር ብለው ሐዘን ተቀምጠዋል። ታጁ ደህናውን መነጽር ሰብሯል፣ አባ ሉቃስ አይጠይቁም፣ እኔ በመሃል ቆሜ ወረቀት እጽፋለሁ። ሁላችንም አንዳችን ለሌላው እየተጠነቀቅን ነው፤ ማንንም ያዳነ ግን የለም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። መሃላዬን ልጠብቅ ብል ምን ቀረኝና ነው የምጠብቀው? ላፍርሰው ብልም አፌና እጄ እኔን ሳያማክሩ ጨርሰውታል። ይቅር በለኝ። ካልቻልክም አልፈርድብህም።

ብቻ ሁለት መስመር ጻፍላቸው። ይቅርታ ጠይቅ አልልህም፣ ምክንያትም አያስፈልግም፤ ፍራሽ አግኝቻለሁ ብትል ይበቃል። ታጁ ያነብላቸዋል።

ይህን የምጽፈው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሲስተሯ ነገ ትሄዳለች። እናትህ እዚሁ ናቸው። በየታኅሣሡ እንደሚያደርጉት የገናውን ግርግም ምስሎች በሳፋ እያጠቡ ነው። ግመሉ ሦስተኛ እግሩም ወልቋል፤ ዘንድሮ ይተኛል ብለን ወስነናል። እረኞቹን ጨርሰው ሕፃኑን በጣታቸው ጫፍ ሳሙና ሲቀቡት ቆዩና፣ ምን ትጽፋለህ? አሉኝ። ደብዳቤ፣ አልኩ። ለማን? ለክርስትና ወንድሜ። ሕፃኑን ማጠብ አላቆሙም። ጆሮው ሥር ያለውን አቧራ አወጡ፣ በንጹሕ ውኃ አለቀለቁት፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት። ከዚያ፣ ሊያልቅ ነው? አሉ። ሊያልቅ ነው፣ አልኩ። ከታች ቦታ ተውልኝ፣ አሉ።

ያለህበትን ግንብ እግዚአብሔር ያፍርሰው። ሌሊቱን ያሳጥርልህ፣ ወገብህን ይጠግንልህ፣ በዙሪያህ ያሉትን ልባቸውን ያራራልህ። እመቤታችን ከእናትህ ቀድማ ታግኝህ፤ እናትህም ሳይረፍድ ያግኙህ።

የክርስትና ወንድምህ

ከፊርማዬ ሥር ቀለሙ የፈሰሰው በኔ አይደለም፤ እጃቸው ላይ የሳሙና ውኃ ነበር። የመስቀላቸው ቀኝ ክንድ አሁንም ረጅም ናት።