«መስለሽኝ ነው» ያለችሽ ሴት

ይድረስ ለልጄ ልጅ፣

ይህን የሚጽፍልሽ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። እጁ የሱ፣ ቃሉ የኔ ነው። ገና ሳንጀምር «አባባ፣ ትንሽ ለስለስ እናድርገው» ቢለኝ፣ ሱሪ አይደለም አታሳጥርብኝ፣ እንደነገርኩህ ጻፍ አልኩት። የሚጎረብጥ ቃል ካገኘሽ እሱን አትቀየሚው።

ብቆጣም ሰላምታ አልነፍግሽም። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚነሳብሽ ሳል ለቀቀሽ? የክፍልሽ ማሞቂያ ተሠራ ወይስ ዛሬም ካፖርት ለብሰሽ ነው የምትተኚው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደሆነ የቆየ ጠላቴ ነው፣ ተላምደናል። እናትሽም ደህና ናት፤ አንቺን ስላኮረፍኩ እኔን አኩርፋ፣ ምሳዬን ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አድርጋ ትሄዳለች። እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ።

ስልክሽን የማላነሳው ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ስልክ ላይ ታሸንፊኛለሽ። «አባባዬ» ስትዪኝ እረታለሁ፣ መስመሩም ከተቆጣሁ ይቋረጣል፣ ምን ዓይነት መስመር እንደሆነ እንጃ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም።

የዚያን ቀን በፈረንጅ አገር የምትሠሪበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ እንዳንቺው የየአገራቸውን ቋንቋ ለማለማመድ ከመጡት ከሁለቱ ጓደኞችሽ ጋር ሦስት ከተማ ልታዪ በአውቶቡስ ወጣሽ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ልብስ ሰፊው ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎልኝ፣ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ አብሬሽ ዞርኩ። በመጀመሪያው ከተማ ድልድይ ላይ ቆመሽ «አባባ፣ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሳው ይሄንን የድስት እጣቢ የመሰለ ወንዝ ነው» ስትዪ ሱቁ በሙሉ ሳቀ። በሁለተኛው ማማ ላይ ስትወጪ ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረጃውን ረገምሽ። ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች አንዲት ሴትዮ «ማናት እሷ?» ብትለኝ፣ አፌን ሞልቼ «የልጄ ልጅ ናት፤ የፈረንጅ ልጆችን በኛ ቋንቋ አፍ የምታስፈታ» አልኳት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

ከዚያ ሦስተኛው ከተማ መጣ። መናኸሪያ ውስጥ ሆነሽ «እግሬ አለቀ አባባ፣ መልስ ላይ ነን» እያልሽኝ ነበር። ያኔ ነው የሴትዮዋ ድምፅ የገባው። ቃል በቃል ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «የኔ ልጅ፣ ድምፅሽን ሰምቼ ነው። ይሄ አውቶቡስ ሆስፒታሉ ጋ ይቆማል? ልጄ እዚያ ተኝታብኝ ነው፤ ብጠይቃቸው የሚሉኝ አልገባኝም» አለች። በኛው ቋንቋ፣ እንደ እናትሽ ባለ ድምፅ።

አንቺ በዚያ አገር ሰዎች ቋንቋ የሆነ ነገር አልሻት። ጓደኞችሽ ሳቁ። እኔ ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ያልሻት ግን ምን እንደሆነ ከሴትዮዋ መልስ ገባኝ። «ውይ፣ መስለሽኝ ነው። ይቅርታ የኔ ልጅ» አለችሽ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! ጫማዋን እየጎተተች ስትሄድ ሰማኋት። ከዚያ «ሄሎ አባባ፣ ምንም አይደለም፣ ለማኝ ናት» አልሽኝ። ጆሮው ደክሟል ብለሽ ነው አይደል? ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም።

የስፌት መኪናው ቆመ። ያቺ ቀሚስ የምታስጠብበው ሴትዮ ወደኔ ዞራ «አባባ፣ ቋንቋው ለፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ የሚሸጠው?» አለችኝ። ፊቴን የት ላድርገው? ስልኩን ዘጋሁና ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁ፤ ከዘራዬን እንኳን እዚያው ረስቼ።

በእናትሽ በኩል የላክሽው መልስ ደርሶኛል። በየሳምንቱ የአገር ሰው እየያዘ ሐኪም ቤት አስተርጉሚልኝ፣ ቢሮ አብረሽኝ ግቢ ይልሻል፤ ሰልችቶሻል፤ አንድ ቀን ብቻ ማንም ሳያውቅሽ እንደ እንግዳ ዞረሽ ልትውዪ ፈልገሽ ነበር። እሺ። ይሄ ይገባኛል። ሰው ይደክማል። ደክሞሽ ቢሆን «ደክሞኛል እናቴ» ትያታለሽ። ቸኩለሽ ቢሆን «ቸኩያለሁ» ትያታለሽ። ባታውቂው «እኔም እንግዳ ነኝ» ብትያት ማን ይከስሽ ነበር? እሷም በቋንቋዋ መልስ አግኝታ፣ ሰው ናት ብላ ትሄድ ነበር። አንቺ ግን የካድሻት ራስሽን ነው፤ አፍሽን የፈታሽበትን ቋንቋ አላውቀውም አልሽ። በነጋታው ደግሞ ክፍል ገብተሽ ለልጆቹ «እንዴት አደራችሁ» ብላችሁ ድገሙልኝ አልሽ። እንዴት ነው ግን የወጣልሽ?

ለማኝ ማለትሽ ደግሞ አንጀቴን አሳረረው። ምን ለመነችሽ? የጠየቀችሽ አዎ ወይም አይ ነው። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ከተማ ስወጣ የአውቶቡሱ ግንባር ላይ የተጻፈው ለኔ የዝንብ እግር ነው፤ የማነበው የሰው ፊት ነው። ይሄ ይነግረኛል፣ ይሄ ያመናጭቀኛል እያልኩ እመርጣለሁ። ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የመረጠችው አንቺን ነው። አንብባ ነው የመጣችው፤ ያሳሳትሻት አንቺ ነሽ። አውቶቡሱ ላይ ትውጣ ትቅር፣ ልጇ ጋ ትድረስ አትድረስ፣ አንቺም አታውቂ እኔም አላውቅ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ልብስ ሰፊው እዚህ ላይ ብዕሩን አንስቶ «አባባ፣ የሚቆጡት ለሴትዮዋ ነው ወይስ ለኩራትዎ?» አለኝ። ለሁለቱም ብለህ ጻፍ አልኩት።

አሁን የምልሽን ስሚ። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀንሽ ወደዚያ ከተማ ተመለሽ። ድልድይም ማማም አያስፈልግሽም፤ ቀጥ ብለሽ ሆስፒታሉ ሂጂ። ልጇ የተኛችባት የአገራችን ሴት የት ናት ብለሽ ጠይቂ፤ መቼም ቋንቋ አያጥርሽም። ካገኘሻት «መስዬሽ አይደለም፣ ነኝ» በያት። ብታመናጭቅሽ ቻዪ። ዝም ብትልሽም አጠገቧ ተቀመጪና ሐኪሞቹ የሚሉትን አስተርጉሚላት። ልጅቷ ድና ወጥተው ከሆነ እሰየው፣ ያንኑ ጻፊልኝ። ሄጄ አጣኋት ካልሽኝም አምንሻለሁ። አልሄድኩም ካልሽ ግን አትደውዪ፤ እውነቴን ነው።

ለቤት አከራይሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ማሞቂያውንም አስታውሻት። ለምትረጃት አስተማሪ ሰላም በይልኝ። ለሁለቱ ጓደኞችሽም ሰላም በይልኝ፤ በምን እንደሳቁ አላወቁም፣ በነሱ አልቀየምም፤ ግን ንገሪያቸው። እናትሽ በጣም ትስምሻለች። አክስትሽ ሹራብ እየሠራችልሽ ነው፣ እጅጌው ላይ ደርሳለች። ልብስ ሰፊውም ሰላም ብሎሻል፣ ሳልነግረው እዚህ ያስገባው ራሱ ነው። ለሴትዮዋ ያለኝን ሰላምታ ግን በወረቀት አልልክም፤ እጅ ነስተሽ የምታደርሺው አንቺ ነሽ።

አያትሽ
ከልብስ ሰፊው ሱቅ፣ መጋቢት ፲፱ ቀን

በል አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ቀስ በል፣ የልጄን ልጅ ሆኜ ልስማው።