ዘጠኝ ቀን፣ ሦስት አገር፣ አንድ ጥቁር ቀሚስ

ግርማዬ፣

እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን ስለማውቀው በቀጥታ ወደ ክሴ ልግባ። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ አኩርፌህ ነው። አሁንም ኩርፊያው አልለቀቀኝም፤ ግን የማወራው ሰው አጣሁ። ቤት ውስጥ ያለችው ልጅህ ሶስና ብቻ ናት፣ የጠረጠርኩት ደግሞ እሷን ነበር።

ቤቱ እንደተውከው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ነገ እሠራዋለሁ ያልከው የቤዝመንት በር ዛሬም አይገጥምም። በረዶው ቀጥቅጦት ጣራ ያልቀየረ ቤት ሰፈራችን ቴምፕል ውስጥ የኛ ብቻ ቀርቷል። እኔም እዚያው ኤርፖርት ነኝ፣ አውሮፕላን አጸዳለሁ። የፍራንክፈርቱን አውሮፕላን ወንበር በወንበር አውቀዋለሁ፤ ቀበቶውን በየሺፍቱ እያጣጠፍኩ አስቀምጣለሁ እንጂ ካገር ከመጣን ወዲህ በወገቤ አስሬው አላውቅም። አዲስ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ብሬካችንን ሊያሳጥር ነበር። ማንም ባላስተማረኝ እንግሊዝኛ አናገርኩት። ብሬካችን ተመለሰ። አንተ ብትኖር "ተይው ባክሽ" ትለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ከሥራ ስገባ ሶስና ላፕቶፗን ከፍታ ትጠብቀኛለች። እማ፣ ዩሮፕ ልውሰድሽ፣ ዘጠኝ ቀን፣ ሦስት አገር፣ ከፋይዋ እኔ ነኝ አለችኝ። አንዱን ጫማዬን አውልቄ አንዱን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ። ይቺ እኮ ልጅህ ናት! ለፓርኪንግ የከፈለችልኝን አራት ዶላር በባንክ ኢ-ትራንስፈር አድርጊልኝ የምትል ልጅ! እሷ ደስ ይላታል ብላ ፊቴን ታያለች፣ እኔ በሆዴ "ምን ተፈጥሮ ነው?" እላለሁ።

ነገሩን በሰንጠረዥ ሠርታዋለች፣ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ቀለም አለው። እሁድ ከካልጋሪ ተነስተን ሌሊቱን አውሮፕላን ላይ። ፍራንክፈርት ወንድሜ ሽመልስ ቤት ሁለት ሌሊት፣ ማደሪያ ዜሮ። ከዚያ በባቡር ፓሪስ፣ አንድ ሌሊት፣ ጣቢያው አጠገብ ያለ ሆቴል፣ ቁርስ የለውም፣ ዳቦ ከውጭ እንገዛለን። ከፓሪስ በርካሽ አውሮፕላን ጣሊያን፣ ቦሎኛ፣ እህትህ እትዬ አልማዝ ቤት አራት ሌሊት፣ ማደሪያ እንደገና ዜሮ። ባቡሩን ቀደም ብላ ስለቆረጠችው በግማሽ ዋጋ ነው ያገኘችው። ርካሹ አውሮፕላን ከትንሽ ቦርሳ በላይ ያስከፍላል ብላ ቦርሳዬን በሜትር ለካችው። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ናት፤ በዚህ አንተን አልወጣችም።

ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ቀረ። ፓሪስ አንድ ሌሊት፣ ቦሎኛ አራት? ማን ነው ፓሪስን በአንድ ሌሊት አልፎ ቦሎኛ አራት ቀን የሚቀመጠው? ያውም እትዬ አልማዝ ቤት! አንተ ስትሞት አንዲት ስልክ ያልደወሉልኝ ሴትዮ ቤት! የማላውቃቸው ሰዎች ከኤድመንተን ድረስ በበረዶ እየነዱ መጥተው አልቅሰውልሃል። አብራኝ የምታጸዳው ቬትናማዊት እንኳን አንድ ድስት ሩዝ ተሸክማ መጥታለች። የገዛ እህትህ ግን እግዚአብሔር ያጥናሽ የምትለው ቃል ከበደቻቸው። አርባህ ሳይደርስ ቁጥራቸውን ብሎክ አደረግኩት። ይኼን ታውቃለህ፣ ፎቶህ ፊት ቆሜ ነግሬሃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገር መልቀም ጀመርኩ። ለሽመልስ በርበሬ ልያዝለት ስላት፣ አያስፈልግም እማ፣ ኪሎ የለንም አለችኝ። አያስፈልግም! በስልክ ባገኘኝ ቁጥር "እህቴ፣ በርበሬ" እያለ የሚያላዝን ወንድም እያለኝ! በርበሬ የማያስፈልገው ለማን ነው? ለሞተ ሰው ነው። ወዲያው ደወልኩለት። አላነሳም። እሁድ ሳይደውልልኝ ውሎ የማያውቅ ሰው፣ ሦስት እሁድ አለፈው። ሥራ በዝቶብኝ ነው የሚል ቴክስት ብቻ ይልካል። ቴክስት ደግሞ ማንም ይጽፋል።

ቀጥላ ጥቁሩን ቀሚስሽን ያዢ አለችኝ። ለምን ስላት፣ ፓሪስ ሰው የሚለብሰው ጥቁር ነው አለችኝ። ግርማዬ፣ ፓሪስን አላየኋትም፣ ልጄን ስትዋሽ ግን አይቻታለሁ፤ የጆሮ ጌጧን ታሽከረክራለች። አሽከረከረችው። ሌላው ቲኬት ሁሉ የማይመለስ፣ የማይቀየር ርካሽ ሆኖ፣ ወደ ካልጋሪ የምንመለስበት ብቻ ቀኑ ይቀየራል፤ ተጨማሪ ከፍላበታለች። ሶስና! ተጨማሪ! ለቅሶው ቢረዝም ብላ ነው አልኩ።

አንድ ቀን ደግሞ ብሬክ ላይ ሆኜ ለእሷ ልደውል ስል ጣቴ ያንተን ቁጥር ነካ። ጠራ። ስልክህን ካዘጋሁት ቆየሁ ብላኝ ነበር እኮ። የሞተ ሰው ስልክ ለምን ይጠራል? ማን ነው በየወሩ የሚከፍልበት? ዘግቼው ኪሴ ከተትኩት፣ ግን የዚያን ቀን የስንት ወንበር ኪስ ሳላራግፍ እንዳለፍኩ አላውቅም።

ከሁሉ የባሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያቺ ሰንጠረዥ ላይ ጥርሳችንን የምንቦርሽበት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው፤ ቅዳሜ ቦሎኛ ላይ ግን ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነጭ ነው። ባዶ። በንጋት ባዶ የሚተው ሰዓት ለምን እንደሆነ ያስተማርከኝ ደግሞ አንተ ነህ።

እናቴ የሞተች ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኔማ ረስቼው አላውቅም። እሁድ በንጋት ነበር። ስነሳ ማድቤት ቆመህ እንቁላል ትጠብሳለህ። አንተ! ሻይ እንኳን አፍልተህ የማታውቅ ሰው! ክርስትና ተጠርተናል፣ ምግቡ እስኪቀርብ ይቆያል፣ ብዪ አልከኝ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ነው የምታወራው። ጨው በዝቶበታል ስልህ፣ ብዪው ዝም ብለሽ አልከኝ። አስጨርሰኸኝ፣ አልብሰኸኝ፣ እዚሁ ሰፈራችን ሦስት መንገድ አልፎ ያለ ቤት ወሰድከኝ። በሩ ሲከፈት ሃያ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ቆሟል። ሕፃን የለ፣ ክርስትና የለ። መርዶዬን ሰምቼ እንዴት እንደወደቅኩ አንተ ነህ የምታውቀው፤ የያዝከኝ አንተ ነህ።

ያንን እንቁላል ዕድሜ ልክህን ስከስህ ኖርኩ። በተጣላን ቁጥር፣ አንተ እኮ እናቴ መሞቷን እያወቅክ ቆመህ እንቁላል የጠበስክ ሰው ነህ እልሃለሁ። አንተ ግን ሁልጊዜ ጃኬትህን ለብሰህ መኪና ላሙቅ ብለህ ትወጣለህ።

ስለዚህ ገባኝ። ሽመልስ ሞቷል። ፍራንክፈርት ስንደርስ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል ይሉኛል። ፓሪስ ወስደው ፎቶ ያነሱኛል። ከዚያ ትልቅ ሰው ያለበት ቤት ተመርጦ ቅዳሜ በንጋት ሊያረዱኝ ነው። መርዶ ነጋሪዬስ ማን ሊሆን ነው? እትዬ አልማዝ! ለባሌ ሞት ቃል ያልወጣቸው ሴትዮ የወንድሜን ሞት ሊነግሩኝ! ደሜ ፈላ።

የዛሬ አስር ቀን ጥቁሩን ቀሚስ ከሻንጣው አወጣሁና ላፕቶፗ ላይ ጣልኩት። ማን ነው የሞተው አልኳት። ማንም እማ አለች፤ እጇ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ ያዝኩት። ሽመልስ ነው አይደል? ንገሪኝ፣ እዚሁ ቤቴ ልልቀስ አልኳት። አይደለም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ታዲያ ማን ነው?

አባባ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ ልጄ ያበደች መሰለኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ስልክህን አወጣች፣ ቻርጁ ሙሉ ነው። ግርማዬ፣ አንተ ስትሞት እትዬ አልማዝ ልባቸውን ኦፕሬሽን ሆነው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አሁን ከነገርናቸው እሳቸውንም እናጣቸዋለን ብሎ ሶስናን የመከራት ሽመልስ ነው። ይሻላቸውና ይነገራቸዋል ተባለ። ተሻላቸው፤ ማን ይንገራቸው ተባለ። እስከዚያው ሶስና፣ አባባን ስትሮክ መትቶት ምላሱ ታስሯል፣ መናገር አይችልም ብላ ጻፈችላቸው። ከዚያ የድሮ ፎቶህን እየላከች ሁለት ዓመት። አሁን ሴትዮዋ፣ ሳልሞት ወንድሜን ልየው ብለው የካልጋሪ ቲኬት ሊቆርጡ ተነሱ። እዚህ መጥተው በራፉ ላይ ከሚሰሙት እኛ እንሂድላቸው ተባባሉ፣ ልጄና ወንድሜ። ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም ስላት፣ ተቀይመሻቸው ነበር፣ በስልክ ትጮሂባቸዋለሽ ብለን ፈራን አለችኝ። ልዋሽህ? እጮህባቸው ነበር።

በየእሁዱ በድምፅ የላኩልህን ከፈተችልኝ። አንዱን ብቻ ሰማሁ።

"ግርማዬ፣ ዛሬም እሁድ ነው። ምላስህ እስኪፈታ እኔው አወራልሃለሁ። ሚስትህ ዛሬም ስልኬን አላነሳችም። ምን በድያት እንደሆን እንጃ፤ አንተን ስታስታምም ደክሟት ነው እላለሁ። አይዞሽ በላት፣ በዓይንህም ቢሆን። ለጉልበትህ ቅባት ገዝቼልሃለሁ፣ ስመጣ እኔው አሽልሃለሁ።"

ለምን አልደወሉም እያልኩ ስረግማቸው፣ ሲደውሉ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሽመልስ የዚያኑ ቀን አነሳ። ገና "እህቴ" ሲል ካሜራ አብራ አልኩት። አበራ። ዞር በል አልኩት። ዞረ። አሁንም አላመንኩትም፤ ልጅ ሆነን በድንጋይ የፈነከትኩትን ጠባሳ አሳየኝ አልኩት። ፀጉሩን ገልጦ አሳየኝ። ያልደወለው፣ ድምፅሽን ከሰማሁ ታወጣጪኛለሽ ብሎ ነው። ሰደብኩት፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስንት ኪሎ በርበሬ እንደሚፈልግ ጠየቅኩት።

ሶስናን ሁለት ቀን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ላፕቶፑን አምጪው አልኳት። ፓሪስን ልሰርዛት ነበር፣ ሆቴሉ ብር አይመልስም፤ ስለዚህ እናድራለን፣ ፎቶ ግን አልነሳም። ለአንድ ትልቅ ሻንጣ ከራሴ ከፈልኩ። ግማሹ በርበሬ ነው። ግማሹ ጋቢህና ሰማያዊው ሹራብህ ነው፤ እትዬ አልማዝ የሚያቅፉት ነገር ይፈልጋሉ። ሐሙስ ማታ በሩን ሲከፍቱልኝ ግርማን ለማን ትተሽው መጣሽ ይሉኛል። ሰዉና ቄሱ የሚሰበሰቡት ቅዳሜ ስለሆነ፣ ሁለት ቀን ደህና ነው እያልኩ እዋሻቸዋለሁ። እኔ! ስለዚህ የጆሮ ጌጥ አላደርግም።

ያቺን ባዶ ሰዓት ምን ብዬ ልሙላት ብላ ጠየቀችኝ። ቁርስ በይ አልኳት። ስንት ዩሮ ልመድብለት ስትለኝ፣ ስድስት እንቁላል ስንት ነው አልኳት። ቀኑ ፍስክ መሆኑን አይቻለሁ።

ልባቸው የተሰፋ ሴትዮ፣ ኪኒን የሚውጡ ሴትዮ፣ ባዶ ሆዳቸውን እንዳይሰሙት ምን ላድርግ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። መርዶ የሰማ ሰው እህል እንደማይወርድለት በራሴ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቀን ውሃ ብቻ ነበር የሚያልፍልኝ። ግርማዬ፣ ብዙ አሰብኩ፣ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ያንተኑ ነው። ሦስቱን ቀን በእግሬ ያቆመኝ ያ እንቁላል ነው። መኪና ላሙቅ ብለህ ከመውጣት አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቢሆንም ክሴን አንስቻለሁ።

ነገ እንነሳለን። ያንን ቀበቶ ዘንድሮ አስረዋለሁ፤ ብትኖር መስኮቱን ትቀማኝ ነበር። የቤዝመንቱን በር አላሠራውም። ነፋስ ሲያንኳኳው "ነገ እሠራዋለሁ" የምትል ይመስለኛል፣ እኔም እሺ እልሃለሁ። እንደማልረሳህ አትጠራጠር፤ በዚህ ቤት የምጠራጠረው እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ በንጋት፣ ሰዉ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እኔ እትዬ አልማዝ ማድቤት ጀርባዬን ሰጥቻቸው እንቁላል እጠብሳለሁ። ጨው ሁለቴ ሳልጨምርበት አልቀርም። በዝቶበታል ካሉኝ፣ ዝም ብለው ይብሉት እላቸዋለሁ።

ጽጌ